የእትዬ ዊልሚና ራስጌ

ዶዲ ሲጨንቀው ይስቃል። ደስ ብሎት አይደለም፤ ሲፈራም ሲያዝንም፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ሲጠብቅም ያው ነው። መጀመሪያ ትከሻው ይርገበገባል፣ ከአፍንጫው አንዲት ቀጭን ድምፅ ታመልጣለች፣ ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ምድራዊ ኃይል የለም። እንዲህ ያለ ሰው ምን ሥራ ይሁነው ብትሉኝ ብዙ እመክራችኋለሁ፤ ቀባሪ ይሁን ግን አልላችሁም። እሱ ደግሞ ጎልማሳነቱን በሙሉ ከእኛ ጋር ሬሳ ሲሸከም ነው የኖረው፣ በሁለቱም ጉንጩ ሚንት ከረሜላ ወትፎ።

እኛም ብንሆን ከእሱ አንሻልም። የድርጅቱ ባለቤት አቶ ላክላን ሰባን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው፤ የማያውቁትን ሰው ሬሳ አይተው ከቤተሰቡ ቀድመው ያለቅሳሉ። ባሏ የሞተባት ሴት መሐረቧን አውጥታ የእሳቸውን ዐይን ስትጠርግ በዐይኔ አይቻለሁ። ሹፌራችን ታም ዕድሜውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ነው፤ የአስከሬን መኪናውንም ፌርማታ ባየ ቁጥር ቀስ ያደርጋታል። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት በሩን ከፍተው አጠገቡ ተቀመጡና እስከ ገበያ ሄዱ። ከኋላ ሬሳ እንዳለ ሲነግራቸው «ታዲያ ምን ቸገረኝ፣ ወንበር አልያዘብኝ» ብለው ነው የወረዱት።

እኔ ኤፊ ደግሞ ወደዚህ ሥራ ከመግባቴ በፊት ወደቡ ላይ የዓሣ ጨረታ እጠራ ነበር። ጨረታው ተዘጋ፣ ድምፁ ግን ጉሮሮዬ ውስጥ ቀረ። ሹክ ስል ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ የተቀመጠ ሰው ይሰማኛል። ስለዚህ አቶ ላክላን በቀብር ላይ አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ ከልክለውኛል፤ ድርሻዬ ማጠብ፣ መገነዝና መሸከም ነው። ሬሳ እንደሆነ ቢጮሁበትም ቅር አይለውም። ሌላ ቦታ ማንኛችንንም የሚቀጥር የለም። ከተማችን ፖርትካረንም ከእኛ ሌላ ቀባሪ የላትም፤ ሰዉ ወደ እኛ የሚመጣው ወድዶ ሳይሆን አማራጭ አጥቶ ነው።

የዶዲ እናት እትዬ ዊልሚና ባለፈው መኸር ቴሌቪዥን ፊት ለፊት እንደተቀመጡ አረፉ። በር ሞልተው የሚቆሙ፣ ወንበር መርጠው የሚቀመጡ ሴት ነበሩ። ዶዲ ሚስት አላገባም፤ አብሯቸው ኖሮ፣ አብስሎ አብልቶ፣ እግራቸውን አጥቦ ነው የሸኛቸው።

በማግሥቱ ወደ ሥራ ቤታችን መጣ። ተቀመጥ ብለው አልቀመጥ አለ። ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለስ፣ የሳጥን እጀታ ሲነካካ፣ መልሶ ሲመላለስ ቆየና፣ «ኤፊ፣ ራስጌውን የምይዘው እኔ ነኝ» አለኝ። አልሳቀም። እሱ ሳይስቅ ከተናገረ ነገሩ የምር ነው።

እኛ ዘንድ ሳጥኑን ወደ ጉድጓድ የሚያወርደው ቆፋሪው አይደለም። ስምንት ገመድ አለ፤ የሚይዙትም የሟች የቅርብ ሰዎች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው በየቁጥራቸው። ቁጥር አንድ ራስጌ ነው፣ ቁጥር ሁለት ግርጌ፣ የቀሩት በጎንና በጎን። ራስጌውን የያዘ ሰው ከሁሉ በላይ የሟች ወገን እሱ ነው ማለት ነው፤ ቤቱንና ጀልባውን ሌላ ቢወርስ እንኳ ይህ አይሻርም። አራት ቁጥር ሲጠብቅ ስድስት የደረሰው አንድ ዓሣ አጥማጅ ከአጎቱ ልጅ ጋር እስከ ዛሬ ሰላም አይባባልም። አንዱ ሲመጣ ሌላው መንገድ ይሻገራል።

ዶዲ ራስጌ ይዞ ያውቃል፣ አንድ ጊዜ፣ የአባቱን። ያኔ ገና ጢሙ በቅጡ አልወጣም። ቄሱ «አፈር ነህና» ሲሉ ያ መከረኛ ሳቅ መጣበት፣ እጁ ላላ፣ ገመዱ አመለጠ። አባትየው በራሳቸው ተተክለው ወረዱ። ለማቃናት መሰላል ማምጣት ግድ ሆነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በፖርትካረን የዶዲ ስም «አባቱን የተከለው» ነው። ሬሳ ይሸከማል እንጂ ገመድ ዳግመኛ ነክቶ አያውቅም፤ ገመድ ሲዘረጋ መኪናው ጋ ሄዶ ጎማ እያየ ይቆማል። አሁን ግን እናቱን በእጁ፣ ቀስ አድርጎ፣ ሳይለቅ ማውረድ ፈለገ። ሌላ ምንም አልጠየቀም።

«ያንተ ነው፣ ማን ይወስድብሃል?» አልኩት። እህቱን ረስቻት ነበር።

ሞይራ ታላቁ ናት። ኤድንብራ ውስጥ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ናት፤ ስትናገር ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ቀና ይላል። እናቷን ለመጨረሻ ጊዜ ያየቻቸው ካቻምና ነው፤ ያኔም ባቡር ያመልጠኛል ብላ ሻይዋን ሳትጨርስ ነው የሄደችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከሞቱ በኋላ ግን በስልክ ትእዛዝ ስትሰጠን ዋለች። ሳጥኑንም የመረጠችው በስልክ ነው። የእኛ አገር ሳጥን በትከሻው ሰፋ፣ ወደ እግሩ ጠበብ ይላል። ሞይራ ያዘዘችው አራት ማዕዘን፣ ከሁለቱም ጫፍ እኩል የሆነ፣ ነጭ እንጨት ነው። «ይሄ ክብር አለው» አለች። ታም ሲመጣ አይቶት፣ «ፍሪጅ የታሸገበት ነው የሚመስለው» አለ።

ለቀብሩ አንድ ቀን ሲቀረው ከባቡር ወርዳ፣ ጓንቷን ሳታወልቅ፣ በቀጥታ ቢሯችን ገባች። ዶዲ፣ አቶ ላክላንና እኔ ነበርን።

«ራስጌውን የምይዘው እኔ ነኝ» አለች ገና ከመቆሟ። «ዶዲ ገመድ አይነካም።»

«ሞይራ፣ እኔ እኮ...» አለ ዶዲ።

«አንተ ምን? አባባን እንዴት እንዳወረድከው ልንገርህ?»

«ለቀባሪው አረዱት» አልኩ እኔ። በሆዴ ያልኩት መስሎኝ ነበር፤ መስኮቱ ነዘረ።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ያንን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል ነው ያልኩት፣ እመቤቴ። አብልቶ አጥቦ ያኖራቸው ግን እሱ ነው። ራስጌው የእሱ ነው።»

«ማነሽ ለመሆኑ?»

«ኤፊ እባላለሁ። ትናንት እናትዎን ያጠብኳቸው እኔ ነኝ።»

አቶ ላክላን ማልቀስ ጀመሩ። «እባካችሁ፣ የአንድ እናት ልጆች ናችሁ» አሉ፣ መሐረባቸውን በየኪሳቸው እየፈለጉ። «ለእኔ ስትሉ...»

«እርስዎን ደግሞ ማን ሞተብዎት?» አለች ሞይራ።

ያን ጊዜ የዶዲ ትከሻ መርገብገብ ጀመረ። በዐይኔ ለመንኩት፣ ራሱም ከንፈሩን ነከሰ፣ ዋጋ አልነበረውም። ያቺ ቀጭን ድምፅ ወጣች፣ ከዚያም ቢሮው በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ደስታ የለበትም፤ ለሚሰማው ሰው ያስጨንቃል።

«አያችሁ?» አለች ሞይራ። «ይሄን ነው ራስጌ የምታቆሙልኝ?»

«ግርጌውን» አለ ዶዲ በሳቁ መሃል፣ እንባው እየወረደ። «ግርጌውን እንኳ ስጪኝ።»

«ግርጌውን ያዝ» አለች ሞይራ። «አንዲት ድምፅ ብሰማ ግን ሕዝብ ፊት ነው ገመዱን የምቀማህ።»

አቶ ላክላን ዐይናቸውን ጠራርገው፣ እናቷን ገብታ ማየት ትፈልግ እንደሆነ ጠየቋት። «አልፈልግም» አለች፣ ወደ በሩ እየሄደች። «እንደነበረች ባስታውሳት ይሻለኛል።»

ከሰዓት በኋላ እኔና ዶዲ እትዬ ዊልሚናን ሳጥኑ ውስጥ አስገባናቸው። እሱ በብብታቸው እኔ በእግራቸው ይዘን፣ ሁለት ጊዜ አርፈን ነው የተሳካልን። ሰማያዊ ሹራባቸውን አስተካከለ፣ ፀጉራቸውን አበጠረ፣ ያበጠረውን መልሶ በተነና እንደገና አበጠረ።

«ግርጌም እኮ አይናቅም» አልኩት ላጽናናው። «ዕድሜ ልካቸውን የቆሙበት ነው።»

«እግሯን ስንት ዓመት አጥቤያለሁ ኤፊ» አለኝ። «እግሯን ጠግቤያለሁ። ራሷን ነው የፈለግሁት።»

ማጽናናት ላይ እኔ ሞኝ ነኝ።

የቀብሩ ዕለት ነፋሱ ከባሕር እየተነሣ ባርኔጣ ይቀማ ነበር። አቶ ላክላን ጠዋት ብቻቸውን ሆነው ሳጥኑን ዘግተዋል፤ ሁልጊዜም ሟችን የሚሰናበቱት እንደዚያ ነው፣ ብቻቸውን እያለቀሱ። እኔ ስደርስ ክዳኑ ታስሯል፣ ስምንቱ ገመዶችም በየቁጥራቸው ተቋጥረዋል። ክዳኑ ላይ ስማቸው የተጻፈበት የናስ ሰሌዳ ራስጌውን ያመለክታል፣ ቁጥር አንድም የተቋጠረው በእሱ በኩል ነው።

መቃብሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ከባሕሩ በላይ ነው። እኔና ታም ከፊት በአስከሬን መኪናው፣ ሞይራና ዶዲ ከኋላ በሌላ መኪና ተከተሉን። በመስተዋቱ ሳያቸው ዶዲ ከረሜላ ጉንጩ ውስጥ እየጨመረ ነው፤ ጉልበቱ እንደሚዘል ከትከሻው ያስታውቃል። ሐኪም ቤቱ ፌርማታ ስንደርስ ታም ፍሬን ያዘ። የኋላው መኪና ለጥቂት ሳይገጨን ቀረ።

«ታም» አልኩት።

«አየሁት፣ አየሁት። እግሬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ሞይራ መስኮት አውርዳ፣ «ለምንድነው የቆማችሁት?» ብላ ጮኸች።

«ተሳፋሪ ካለ ብለን» አለ ታም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ደግነቱ ነፋሱ ወሰደለት። እኔ መሳቅም መሳደብም አማረኝ። ዶዲ ዛሬ ከሳቀ በዚህ ከተማ ዳግመኛ ቀና ብሎ እንደማይሄድ አውቄያለሁ።

ሬሳ ስንሸከም ደንቡ እግር ወደፊት ነው። ስለዚህ ረጃጅሞቹና ጉልበተኞቹ ከኋላ፣ በራስና በትከሻ በኩል ይሆናሉ፤ እኔ አጭሯ ከፊት እገባለሁ፣ እግር ቀላል ነውና። ዶዲ ሐዘንተኛ ስለሆነ በእሱ ቦታ ከወደቡ ሰው ቀጥረናል። ሳጥኑ ከመኪናው ተስቦ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ጉልበቴ ታጠፈ። አጠገቤ ያለው የወደብ ሰውዬ «ኸረ ምን በልተው ነው?» ብሎ አጉረመረመ። ከኋላ ያሉት ጎረምሶች ደግሞ ባዶ ቅርጫት እንደያዘ ሰው ይራመዳሉ።

ጥቂት እንደሄድን ነገሩ ገባኝ። ራሳቸው ከፊት ነው። አቶ ላክላን በእንባቸው መሃል ያንን ከሁለቱም ጫፍ እኩል የሆነ ክዳን አዙረው ገጥመውታል። ሰሌዳው ያለው በእትዬ ዊልሚና እግር በኩል ነው፤ ቁጥር አንድ እግራቸው ላይ ተቋጥሯል፣ ቁጥር ሁለት ራሳቸው ላይ። በተለመደው ሳጥናችን ቢሆን ይህ ስህተት አይሠራም፤ ክዳኑ ራሱ እምቢ ይላል።

እዚህ መቃብር ያለ ሰው ሁሉ ራሱ ወደ ከተማው፣ እግሩ ወደ ባሕሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ነው የተኛው፣ በትንሣኤ ቀን ሲነሣ ፀሐይን ፊት ለፊት እንዲያይ። እትዬ ዊልሚና ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ሊነሡ ነው። ልናገር? ለማን? አቶ ላክላን ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከፊታችን ይሄዳሉ፤ ልጥራቸው ብል የእኔ ሹክሹክታ እስከ ወደቡ ይሰማል። ሕዝቡ ጉድ ይላል፣ ሞይራ እዚያው ትከሰናለች፣ ሳጥኑ ይዞራል፣ ገመዱ ይቀያየራል፣ ዶዲም ወደ ግርጌው ይመለሳል። ይህን የመጨረሻውን ሳስብ አፌ ተዘጋ። ፈርቼም ነበር፣ ግን ከፍርሃቴ ይልቅ ደስታዬ በለጠ።

ሳጥኑን በጉድጓዱ ላይ በተጋደሙት እንጨቶች አሳረፍነው። አቶ ላክላን ቁጥር እየጠሩ ገመድ አስያዙ። ሞይራ ሰሌዳው ጋ ሄዳ ቆመች፣ ጓንቷን ሳብ አድርጋ፣ እግሯን ሰፋ አድርጋ፤ ክብደት እየጠበቀች ነው። ዶዲ በማዶ ቆመ። ሰው ሁሉ የሚያየው ሳጥኑን አይደለም፣ የእሱን አፍ ነው። ከኋላዬ አንዱ «ዛሬ ደግሞ እናቱን ይተክላታል» ሲል ሰማሁ። ዞሬ ሳየው አንገቱን ኮቱ ውስጥ ቀበረ።

እንጨቶቹ ተነሡ። ዶዲ ወደፊት ተንገዳገደ።

ዕድሜውን ሬሳ የተሸከመ ሰው ነው፤ ራስና እግርን በክብደት ይለያል። ገመዱ እጁ ውስጥ ሲከብድ ዐይኑ ፈጠጠ። ሰሌዳውን አየ፣ ሞይራን አየ፣ ገመዱን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ራሴን አንዴ ወደ ታች ነቀነቅኩለት። በሕይወቴ ዝቅ ባለ ድምፅ የተናገርኩት ያኔ ብቻ ነው።

ትከሻው መርገብገብ ጀመረ። ቄሱ «አፈር ነህና» የሚለው ላይ ደርሰዋል። ከዶዲ አፍንጫ ያቺ ቀጭን ድምፅ ወጣች፣ ሞይራም ቀና አለች። ይኸኔ ሳጥኑ ወደ እሱ በኩል አዘነበለ። በጎን የያዙት ዘመዶች መጨበጫ አጡ፣ ከሕዝቡ መሃልም ማቃሰት ተሰማ። እኔ ዐይኔን መጨፈን ፈልጌ አልቻልኩም።

ዶዲ ከረሜላዎቹን ተፋ። ተረከዙን ጭቃው ውስጥ ተክሎ ወደ ኋላ ተንጋለለና ገመዱን በሁለት እጁ ጠመዘዘው። ያን ሁሉ ክብደት ብቻውን ያዘ። ከዚያ ትንሽ ለቀቀ፣ ያዘ፣ ትንሽ ለቀቀ፣ ያዘ። ሳቁ የት እንደገባ እኔ አላውቅም፤ ትንፋሹን ሁሉ ሥራው ወስዶበት ይሆናል። ሳጥኑ ተቃና። እትዬ ዊልሚና ኮሽታ ሳያሰሙ መሬት ነኩ።

ሁሉም ገመዱን ጣለ። ዶዲ አልጣለም።

«በቃ፣ ልጄ» አሉት አቶ ላክላን።

«ደርሳለች?»

«ደርሳለች።»

ያን ጊዜ ነው የለቀቀው።

ከቀብር መልስ ሰዉ ወደቡ አፋፍ ያለው ሆቴል ገብቶ ሾርባውን ይጠጣ፣ በሥጋ የተሞላ ፓዩን ይበላ፣ ውስኪውን ይቀምስ ጀመር። ዶዲ አንድ ጉርሻ አልወረደለትም። እኔንና ታምን በሩ አጠገብ አገኘንና የተላጠ መዳፉን እያሻሸ፣ «ታውቂ ነበር» አለኝ።

«ከመኪናው አውርደን ጥቂት እንደተሸከምናቸው ነው ያወቅሁት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በዚህ ጉሮሮ?»

ፈገግ አለ። «አልለቀቅኳትም ኤፊ።»

«አልለቀቅካቸውም።»

«ቀስ ብላ ነው የወረደችው፣ አይደል?»

«ቀስ ብለው ነው። ከተማው ሁሉ አይቷል።»

እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ደስታው ግን አልበረከተም፤ ሞይራ በሰዉ መሃል እያቋረጠች መጣችብን። ጓንቷን አውልቃለች፣ በእጇ ያልነካችው የሾርባ ሳህን አለ።

«አልሳቅክም» አለችው።

«አልሳቅሁም።»

«ራስጌው ይከብደኛል ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። አልከበደኝም። ምንም አልከበደኝም ዶዲ። ያቺ ሁሉ ሴት፣ እንዴት እንዲህ ቀለለች?» ሳህኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ሥጋዋ አልቆ ነው አይደል? አንተ በስልክ ደህና ናት ትለኛለህ፣ ለእኔም ደህና ናት ብሎ ማመን ይመቸኝ ነበር። እንዲህ አልቃ ነው የሞተችው፣ እኔ ደግሞ ትናንት እንኳ ግቢና እያት ስባል እምቢ አልኩ።» ሳህኑን እንደያዘች በቅርብ ያገኘችው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ዝም በል ዶዲ፣ አልኩ በልቤ። ዝም ካለ ራስጌው ምስጢሩ ሆኖ ይቀርለታል፣ ድርጅታችንም ከውርደት ይድናል። እሷም ላልጨረሰችው ሻይ ትጸጸት። ክፉ ነሽ ካላችሁኝ ልክ ናችሁ፤ ያሰብኩት ግን ይህንኑ ነው። ዶዲ እኔን አየኝ፣ ከዚያ እጆቹን አየ፣ ከዚያ አጠገቧ ተንበረከከ።

«አልቀለለችም» አላት። «እስከ መጨረሻዋ ቀን ገንፎዋን ጠርጋ ስትበላ ነበር። ሳጥን ውስጥ ስናስገባት እኔና ኤፊ ሁለት ጊዜ አርፈናል።»

«ታዲያ ለምን...»

«እግሯን ነው የያዝሽው፣ ሞይራ። ክዳኑ ተዙሮ ነበር የተገጠመው። ራሷ በእኔ በኩል ነበር።»

ከኋላችን ብርጭቆ ወደቀ። አቶ ላክላን ናቸው፤ እሳቸውም የሰሙት ገና አሁን ነው። «እኔ ነኝ» አሉ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ። «እኔ ነኝ የዘጋሁት። አሁኑኑ አውጥተን እናዞራቸዋለን፣ በገዛ እጄ እቆፍራለሁ...»

«እርስዎ ቁጭ ይበሉ» አለች ሞይራ፣ ግን አልተቆጣችም። ዐይኗን ከዶዲ አላነሣችም። «መቼ አወቅክ?»

«ገመዱ ሲከብደኝ።»

«እና ዝም አልክ።»

«መልቀቅ አልፈለግሁም።»

እኔ ክስ፣ ጠበቃ፣ ጋዜጣ እየጠበቅሁ ነው። ሞይራ የሾርባውን ሳህን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና ባዶ እጇን አየች። «እግሯን» አለች ለራሷ። «ከኤድንብራ ድረስ መጥቼ፣ ጓንት አድርጌ፣ እግሯን።» ከዚያ ቀና ብላ፣ «አሁን ወደየት ነው የምታየው?» ብላ ጠየቀችው።

«ወደ ከተማው። የቀሩት ሁሉ ወደ ባሕሩ ነው፣ እሷ ብቻ ናት ወደ እነሱ የዞረችው።»

«ያ የትንሣኤ ቀን ሲመጣ ታዲያ» አለ ታም ፓዩን እያኘከ፣ «ሰዉ ሁሉ ሲነሣ ፊት ለፊት እሳቸውን ነው የሚያገኘው። ማን ከማን አጠገብ እንደተነሣ አንድም አያመልጣቸው።»

ሞይራ አፏን በእጇ ያዘች። ትከሻዋ ተርገበገበ። ከአፍንጫዋ አንዲት ቀጭን ድምፅ አመለጠች፣ ሳህኑ ከጉልበቷ ተንሸራቶ ሾርባው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ፣ ከዚያም ሳቁ መጣ። ያው የዶዲ ሳቅ ነው፣ አንድ ዓይነት፤ ይህን ሁሉ ዘመን ጥርሷን ነክሳ ይዛው ኖራለች። ማንኪያ ያነሣ ማንኪያውን እንዳነሣ ቀረ፣ ከወዲያ ጥግ ያሉት አንገታቸውን ማስገግ ጀመሩ፣ አንዷም «እሷም?» ስትል ሰማሁ።

«አስቁመኝ» ትላለች ሞይራ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየወረደ። «ዶዲ፣ ሰው እያየኝ ነው፣ አስቁመኝ።»

ዶዲ አልሳቀም። ተነሣና በእሷና በሰዉ መሃል ቆመ፤ ጀርባውን ለአዳራሹ ሰጥቶ፣ የኮቱን ሁለት ጎን በተላጠ እጁ ከፍቶ እንደ መጋረጃ ያዘላት።

«ሳቂ» አላት። «ማንም አያይሽም። ሳቂ።»